የድሮ ሳንቲም፦ ኦሪጅናል፣ ቅጂ ወይስ ፎርጅድ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከአርሲ፣ ከባሌና ከሐረር የሚመጣው ዕቃ እዚህ ያርፋል። ለስብሰባ የመጣው እንግዳም እዚህ አበሉን ይቀበላል። ሁለቱን የሚያገናኝ የድሮ ሳንቲም ሻጭ ታዲያ አይጠፋም። እኔ ሳንቲም እንደምሰበስብ ስለሚታወቅ ጎረቤቱም፣ የጎረቤት ዘመዱም በቴሌግራም ፎቶ እየላከ "ይሄ ኦሪጅናል ነው?" ይለኛል። ጥያቄው ስለሚደጋገም መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው። እግረ መንገዴን፦ ፎቶ ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ፎቶ ብቻ አይቶ "ኦሪጅናል ነው" የሚላችሁንም ሰው አትመኑ።

ቅጂና ፎርጅድ ያው አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ቅጂ ማንነቱን ሳይደብቅ የተሠራ ነው። ለማስታወሻ፣ ለትምህርት ወይም ለጌጥ ይሸጣል። ፎርጅድ ግን ገዢን ለመሸወድ ታስቦ የተሠራ ነው። ችግር የሚመጣው ቅጂው እጅ ሲለዋውጥ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ "ማስታወሻ ነው" ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ሦስተኛው "የአያቴ ነው" ይላል። ብረቱ ያው ነው፣ የተለወጠው ወሬው ነው።

አሜሪካኖች ይህን ለመከላከል በ1973 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተዋል። የሳንቲም ቅጂ የሚሠራ ሰው በእንግሊዝኛ "ኮፒ" የሚል ቃል እንዲያትምበት ያስገድዳል። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ላይ በሞረድ የተፋቀ፣ ከሌላው ገጽ ለየት ያለ ትንሽ ቦታ ካያችሁ እዚያ ምን ተጽፎ እንደነበር ገምቱ።

ማርትሬዛዬ ላይ 1780 ይላል። የዚያን ዓመት ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ግን ፎርጅድ ነው ማለትም አይደለም።

ብሩ ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር መጨረሻ ላይ ነው። ብሩ ግን በቀይ ባሕር አካባቢና በእኛ አገር ተለምዶ፣ ተወዶ ነበር። ነጋዴው ሌላ መልክ ያለው ብር አልቀበልም አለ። ስለዚህ ቪየና ዓመተ ምሕረቱን ሳትነካ እዚያው 1780 ላይ አቁማ መምታቷን ቀጠለች። ኦስትሪያ ውስጥ ራሱ በ1858 እ.ኤ.አ. ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጥቷል፤ እኛ ጋ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲገበያዩበት ኖረዋል።

ከዚያ ነገሩ ፖለቲካ ሆነ። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወሰደ፣ ሮምም መምታት ጀመረች። እንግሊዞች ደግሞ ንግዳቸው እንዳይቋረጥ የራሳቸውን ቅርጽ አሠርተው ለንደን ላይ መቱ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም መቱ። ሁሉም 1780 ይላሉ። የቪየናው ማተሚያ ዛሬም ድረስ አዲስ ይሸጣል።

ታዲያ እነዚህ ምን ይባላሉ? ሰብሳቢዎች "ዳግም ምት" ብለው ነው የሚይዟቸው። የብር መጠናቸው ትክክል ነው፣ የመታቸውም የታወቀ ማተሚያ ነው። ዋጋቸው ከፎርጅድ ጋር አንድ አይደለም። ግን "የ240 ዓመት ቅርስ" ተብሎ ከሚጠራው ዋጋም ጋር አይገናኝም። የትኛው የየት አገር ምት እንደሆነ የሚለየው ጀርባው ላይ ባለው ንስር ጭራ ላባና በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ጥቃቅን ልዩነት ነው። ያ ሥራ ካታሎግና ማጉያ መነጽር ይፈልጋል።

ለመሆኑ የእኛ ሰው ድሮ ይሸወድ ነበር? በጭራሽ! ጣሊያን በ1918 እ.ኤ.አ. ማርትሬዛን የሚመስል የራሷን ብር ለኤርትራ መትታ ነበር። ሴትዮዋ ትመስላለች፣ ግን እሷ አይደለችም። ገበያው አገላብጦ አየና ተወው። በጌጧ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ካልታዩ ወይም ከደበዘዙ ብሩን የማይቀበል ነጋዴ ሞልቶ ነበር። የዛሬ ገዢ የዚያን ያህል ቢያይ እኔም ይህን ባልጻፍኩ።

ሁሉም 1780 ከሆነ ፎርጅዱን በምን እለየዋለሁ?

በሚዛን ጀምሩ። ማርትሬዛ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ከክብደቱ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ብዙ እጅ የነካው ትንሽ ሊቀንስ ይችላል። 24 ወይም 31 ግራም ከመጣ ግን ክርክር አያስፈልግም። ወርቅ ቤት ጎራ ብላችሁ "አንዴ መዝኑልኝ" ብትሉ እምቢ የሚላችሁ የለም። እኔ ግን ግራምን ከነሽርፍራፊዋ የምታሳይ የኪስ ሚዛን ግዙ ነው የምለው። ከአንድ ፎርጅድ ሳንቲም ትረክሳለች።

ክብደቱ ትክክል ከሆነ ወደ ጠርዙ ሂዱ። አጭበርባሪው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጠርዙን ነው። እውነተኛው ማርትሬዛ ዙሪያው ላይ በላቲን "ዩስቲቲያ ኤት ክሌመንቲያ" የሚል ጽሑፍ በመሃሉ ጌጥ እየገባ ወጣ ብሎ ተመትቶበታል። በመብራት እያዞራችሁ እዩት። ፊደሉ ከሟሟ፣ ጽሑፉ ጭራሽ ከሌለ፣ ወይም ጠርዙን ዞሮ የሚሄድ የመጋጠሚያ መስመር ካለ ሳንቲሙ ተመትቶ ሳይሆን ቀልጦ ፈስሶ ነው የተሠራው። ቀልጦ የፈሰሰ ሳንቲም ፊቱም ላይ በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይኖሩታል። ሲዳሰስም ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ የውኃ ፈተና አለ። የምወደውም እሱን ነው፣ ሳንቲሙን አይጎዳም። በብርጭቆ ውኃ ሙሉና ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር እሰሩና የብርጭቆውን ታችም ጎንም ሳይነካ ውኃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አንጠልጥሉት። የአየር አረፋ ከያዘ ነቅነቅ አድርጉት። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው ሳንቲሙ የገፋውን ውኃ ነው። ትክክለኛ ማርትሬዛ 2.75 ግራም አካባቢ ያሳያል። የመጀመሪያውን ክብደት ለዚህ ብታካፍሉት 10.2 ገደማ ይመጣል፤ የዚህ ዓይነት ብር እፍጋት (ክብደቱ ከሚይዘው ቦታ ጋር ሲነጻጸር) ይህ ነው። ናስ ወይም መዳብና ኒኬል ድብልቅ ከሆነ ግን ክብደቱ እኩል ቢሆንም ሚዛኑ ከ3 ግራም በላይ ያሳያል። የእርሳስ ድብልቅ የበዛበት ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። ሻጩ ክብደቱን ማስተካከል ይችላል፣ ስፋቱንም እንዲሁ። ክብደቱን፣ ስፋቱን፣ ውፍረቱንና እፍጋቱን በአንድ ላይ ለማስተካከል ግን እውነተኛ ብር ያስፈልገዋል።

ማግኔት ካልሳበው እውነተኛ ነው?

አይደለም። ማግኔት የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ብር ነው የተባለ ሳንቲም ከተሳበ በቃ፣ ብር አይደለም። ካልተሳበ ግን መዳብም፣ ናስም፣ እርሳስም ሊሆን ይችላል፤ እነሱም አይሳቡም።

በተቃራኒው ደግሞ የሚሳብ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለ 25 እና ባለ 50 መቶኛ ሳንቲሞች ኒኬል ናቸው፣ ኒኬል ይሳባል። የአሁኖቹ ዝርዝር ሳንቲሞችም ቢሆኑ የቀደሙት የማይሳቡ፣ ኋላ የተመቱት ውስጣቸው ብረት ስለሆነ የሚሳቡ ናቸው። አንድ ወጣት ባለ 50 ሳንቲሙ ማግኔት ላይ ስለተለጠፈ ፎርጅድ ነው ብሎ ሊጥለው ሲል አስጥዬዋለሁ። ለ50 ሳንቲም ማን ይደክማል?

እኛ አገር ዝርዝር ሳንቲም ፎርጅድ ተደርጎ ያውቃል?

ያውቃል፣ ታሪኩም ደስ ይላል። 1936 ዓ.ም. የሚሉት የጃንሆይ ሳንቲሞች ሲወጡ ባለ 25ቱ መዳብ፣ ባለ 50ው ብር ነበር። ሁለቱም ክብ፣ መጠናቸውም ተቀራራቢ ነው። ብልጦቹ ባለ 25ቱን ብርማ ቀለም እያስነከሩ እንደ 50 ያሻግሩት ጀመር። አንዴ በመንከር ዋጋው እጥፍ ይሆናል! መፍትሔው የባለ 25ቱን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ማወዛወዝ ሆነ። ጨለማ ውስጥ በጣት ዳስሶ እንኳን መለየት ተቻለ። ክቡ ባለ 25 ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ነው። ወዛውዛው ግን የትም አለ።

በነገራችን ላይ እነዚህም እንደ ማርትሬዛ ናቸው። 1936 ይበሉ እንጂ በዚሁ ዓመተ ምሕረት ለረጅም ዓመታት ተመትተዋል። የደርጉ 1969ም እንዲሁ። ስለዚህ "የ1936 ስለሆነ ብርቅ ነው" የሚላችሁን ሰው ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

የምኒልክ ብርስ?

እዚህ ላይ እኛ ከፈረንጅ ሰብሳቢ የምንበልጥበት ነገር አለ፦ ማንበብ እንችላለን።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር በፓሪስ ማተሚያ ቤት የተመታ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ መካከል 1887 እና 1889 ዓ.ም. የሚሉት ይገኛሉ። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ክብደቱ ከማርትሬዛ ጋር ሊመጣጠን ተብሎ 28 ግራም አካባቢ ተደርጓል፣ ብሩም 83.5 በመቶ ነው። ፊቱ ላይ ንጉሡ ዘውድ ደፍተው ወደ ጎን ይታያሉ፣ ጀርባው ላይ አንበሳው አለ።

ፊደሉን አንድ በአንድ አንብቡት። እውነተኛው ላይ ፊደሉ ቆንጆ፣ ጥርት ያለና እኩል ነው፤ ለንጉሥ የተሠራ ነውና። ቅርጹን ከፎቶ የገለበጠው ሰው ፊደል ስለማይቆጥር ግን "ሥ" ቀኙን ግራ ያደርገዋል፣ የ"ፈ"ንና የ"ረ"ን ልዩነት ይስታል፣ የግዕዝ ቁጥሩ ላይና ታች ያሉት መስመሮች ይጠፉበታል። "፹" የሚለው ምንም የማይባል ጭረት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እንኳን "ይሄ ፊደል የለም" ይላል። ካታሎግ ይዞ የሚመጣ ፈረንጅ ግን ላያየው ይችላል።

ከዚያ የንጉሡን ፀጉርና ጢም፣ የአንበሳውን ጎፈር እዩ። ያረጀ ሳንቲም የሚደበዝዘው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፦ ጉንጭ፣ ቅንድብ፣ ዘውድ። ጎድጎድ ያለው ቦታ ጥርት እንዳለ ይቀራል። ከፍታውም ዝቅታውም እኩል ከደበዘዘ ያ እርጅና አይደለም፣ የቅርጽ ድክመት ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስ ሳንቲም አለኝ። ስንት ያወጣል?

ዐፄ ቴዎድሮስም ሆኑ ዐፄ ዮሐንስ በዘመናቸው በስማቸው ሳንቲም አላስመቱም። የቴዎድሮስ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም ግን አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. የነገሥታቱን መታሰቢያ አድርጎ ከወጡት ባለ 5 ብሮች አንዱ ነው። እሱ ከሆነ ጥሩ ሳንቲም ነው፣ ግን የመቅደላ ዘመን አይደለም። ቀላ ያለ ናስ ላይ ተለጥፎ "1855" የሚል ከሆነ ደግሞ ለቁልፍ መያዣ አድርጉት።

የንግሥተ ሳባ ሳንቲም ያመጡልኝም ነበሩ። እሱን እንለፈው።

"ስንቆፍር የወርቅ ሳንቲም አገኘን" ብለው ደወሉልኝ። ልሂድ?

አትሂዱ።

የታሪኩ አጥንት ሁሌም አንድ ነው። የሆነ ቦታ መንገድ ወይም መሠረት ሲቆፈር እንስራ ተገኘ። ቆፋሪዎቹ ዋጋውን አያውቁም። አንድ አማላጅ አለ፣ ሌላ ገዢም "እየመጣ" ነው፣ ስለዚህ መቸኮል አለባችሁ። አንዷን ሳንቲም ለፈተና ይሰጧችኋል፤ እሷ እውነተኛ ወርቅ ልትሆን ትችላለች። ቀሪው ማሰሮ ግን ናስ ነው።

የአክሱም ሳንቲም ምን እንደሚመስል ማወቁ ብቻውን ግማሹን አጭበርባሪ ያባርራል። አክሱም በሦስተኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን የወርቅና የብር ሳንቲም መምታት ጀመረች። ወርቆቹ ትንንሾች ናቸው። አብዛኞቹ የአሁኗን ባለ 5 ሳንቲም እንኳን አያክሉም፣ ክብደታቸውም ከ3 ግራም በታች ነው። የንጉሡ ምስል በሁለት የስንዴ ዘለላ መሃል ይቀመጣል። ወርቆቹ ላይ ጽሑፉ በአብዛኛው ግሪክኛ ነው። ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ጨረቃ ነበረበት፣ ከዚያ በኋላ መስቀል ገባ። እንግዲህ መዳፍ የሚሞላ፣ አንበሳ የተሳለበት፣ በአማርኛ "አክሱም" የሚል "የአክሱም ወርቅ" ሲያሳዩአችሁ መሳቅ እንዳለባችሁ እኔ ልንገራችሁ?

ደግሞ እውነተኛ ቢሆንስ? ያኔ ይብሳል። በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ 209/1992 መሠረት በቁፋሮ የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣኑ መገለጥ አለበት። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ፎርጅድ ከሆነ ገንዘባችሁ ይሄዳል፣ ኦሪጅናል ከሆነ እናንተም ትሄዳላችሁ።

ሆቴል በር ላይ የሚሸጥልኝን ልጅ ምን ልበለው?

በትሕትና አናግሩት። ሁሉም አጭበርባሪ አይደለም፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ተሸውደው የገዙ ናቸው። ከመሐረብ ፈትቶ "ጋሼ፣ ይሄ የአያቴ ነው፣ ቸግሮኝ ነው" ሲላችሁ ስለ አያቱ አትከራከሩ። "እሺ የኔ ወንድም፣ ወርቅ ቤት አብረን ሄደን እናስመዝነው" በሉት። እሺ ካለ ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። "ቸኩያለሁ፣ ባጃጅ እየጠበቀኝ ነው" ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ዋጋውን ለማስላት የብሩን ግራም ዋጋ ወርቅ ቤት ጠይቁና በ23 አባዙት፤ አንድ ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። ሻጩ የጠየቀው ከዚያ በግማሽ ካነሰ "አግኝቻለሁ" ብላችሁ አትደሰቱ። ብሩን አቅልጦ ቢሸጠው ይሻለው የነበረ ሰው ለምን ለእናንተ በነጻ ይሰጣል?

ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ድምፁን መስማትስ?

ብር ሲመታ ድምፁ ይቆያል፣ እርሳስ ደግሞ "ድፍ" ይላል። ልምድ ላለው ጆሮ ይረዳል። ግን የተሰነጠቀ ኦሪጅናልም ድፍ ይላል፣ ሳንቲሙም ጠርዙ ይጎዳል። የጣት ጫፍ ላይ አስቀምጣችሁ በእስክሪብቶ ቀስ አድርጋችሁ መንካት ይበቃል። በጥርስ መንከስ የፊልም ነገር ነው።

ቀዳዳ ወይም የቀለበት ብየዳ ያለው ፎርጅድ ነው?

እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ማርትሬዛ የአንገት ጌጥ ነበር፣ ስለዚህ መበሳቱ የሚያሳየው እውነተኛ ሕይወት ነው። የሰብሳቢ ዋጋው ግን ይቀንሳል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቀዳዳው ተደፍኖ በላዩ ላይ ጽሑፍ የተቀረጸበትን ነው። ብየዳው ያለበት ቦታ ቀለሙ ይለያል፣ ሳንቲሙን ስታጋድሉት ይታያል።

ጠቁሯል። ላጽዳው?

አታጽዱት። አመድም፣ ሎሚም፣ የጥርስ ሳሙናም አይንካው። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፣ ከታጠበ በኋላ አይመለስም። አጭበርባሪዎች ያንኑ ጥቁረት በኬሚካል ያመጡታል። ልዩነቱ የተፈጥሮው ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ መሆኑ ነው። የኬሚካሉ ደግሞ እንደ ጥላሸት ተለጥፎ ጎድጎዳው ውስጥ ይቀራል፣ ሲታሽም ጣት ላይ ይወጣል።

ቅጂ መሰብሰብ ነውር ነው?

ምን ነውር አለው! የአክሱምን ወርቅ ቤቱ ማስቀመጥ የሚችል ማን አለ? ጥሩ ቅጂ ለልጆች ማስተማሪያ ይሆናል። እኔም አለኝ። ግን ከኦሪጅናሎቹ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አላኖራቸውም፣ ላስቲካቸውም ላይ "ቅጂ" ብዬ በማርከር ጽፌባቸዋለሁ። እኔ ብሞት ልጆቼ የአባታችን ቅርስ ብለው እንዳይሸጡት።

ፎርጅድ ገዝቼ ተገኘሁ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ለሌላ ሰው አትሽጡት። እያወቃችሁ ኦሪጅናል ነው ብላችሁ ከሸጣችሁ አሁን አታላዩ እናንተ ናችሁ፣ ማታለል ደግሞ በወንጀል ሕጉ ያስጠይቃል። የሻጩን ስልክ፣ የተጻጻፋችሁትንና የከፈላችሁበትን የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫ አስቀምጡ። መጀመሪያ ገንዘባችሁን እንዲመልስ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ማስረጃ እንዳላችሁ ሲያይ ይመልሳል። እምቢ ካለ ያንኑ ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የተጭበረበረው ሳንቲም የድሮ ሳይሆን አሁን የምንገበያይበት ከሆነ ግን ድርድር ውስጥ ሳትገቡ በቀጥታ ለፖሊስ አሳውቁ፣ ገንዘብ ማስመሰል ከባድ ወንጀል ነው።

ሻጩ ከጠፋና ሳንቲሙ እጃችሁ ላይ ከቀረ አትጣሉት። ክብደቱንና በውኃ ፈተናው ያሳየውን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ቀጣዩን ስትገዙ ከጎኑ አድርጋችሁ ታወዳድሩበታላችሁ።